ሺህ ቁልፍ፣ አንድ ቅርጽ

ጥቅምት 9

ይድረስ አገር ቢለያየንም ከልባችን ላልራቅሽው ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻሽን መዋሉ እንዴት ይዞሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር እንደ ልማዷ ሁላችንንም እያዘዘች ነው። ባለቤቴም ሰላም ብላሻለች።

ዋናውን ወሬ ልንገርሽ። ልጃችን ሦስተኛ ወሩን ያዘ፤ ምን የመሰለ ልጅ መሰለሽ! ገና በተወለደ በሳምንቱ ከራስ እስከ እግሩ ቀላ። እማዬ "ቀዮ" አለችው፣ ሰፈሩም ተቀበላት። "ከእናንተ ዘር ቀይ ከየት መጣ?" እያሉ ባለቤቴን ይተርቧታል፣ እሷ ግን አትስቅም። ቆዳው ትንሽ ይላጣል፣ ፀጉሩም ይረግፋል፤ አዋላጇ የሆድ ፀጉር ነው፣ ሌላ ይበቅላል ብላናለች። አንገቱ ሥር ሽንብራ የሚያካክሉ እብጠቶች አሉበት፣ እማዬ ከጥጋብ ነው ትላለች።

ተቅማጥ ይዞት አልተወው ሲል ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ደሙን መረመሩለት። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የዚህ ልጅ ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ ነው፤ የሚከላከልለት ሠራዊት ሞልቶለታል።" እኔማ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በመጀመሪያው ልጃችን የደረሰብንን ታውቂያለሽ። ይኼኛው ግን ጠንካራ ነው፣ እፎይ ብለናል።

እስካሁን ከሰው ዓይን ሰውረነው ነበር። አሁን እማዬ በሚመጣው ወር ዘመድ ጠርታ ልታሳየው ነው፤ ሁሉም ይሳመው ብላለች።

ከተመቸሽ ለቁልፍ መቅረጫ ማሽኔ ምላጭ ላኪልኝ። ያለኝ ደንዞ ደንበኛ የቀረጽኩለትን ቁልፍ መልሶ እያመጣ ያሳፍረኛል። ለቀዮም ቆሞ ሲሄድ የሚያደርጋት ጫማ አትርሺ።

አንቺው ባወጣሽልኝ ስም፣ ወንድምሽ ሞረዱ


ኅዳር 1

ለወንድሜ ለሞረዱ፣ ጤናው ከደጃፋችሁ አይራቅ።

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ወዲያው ደወልኩ። እማዬ አነሳች፤ እንደምታውቃት ድምፁን ለቃ ለቤት ሙሉ ሰው ነው የምታሰማው። "ልጁን ለጊዜው ሰው አይሳመው" ከማለቴ "ምን ታሟርቺብናለሽ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው። ያንተ ስልክ ይጠራል፣ አታነሳም። ስለዚህ ይኼን በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ለእማዬ መድኃኒት ፋብሪካ ነው የምሠራው ብያታለሁ፤ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። የምሠራው ሌላ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ልብ ላይ የተደረበች እጢ አለች፤ ታይመስ ትባላለች። ሐኪሞች የሕፃን ልብ ሊጠግኑ ደረቱን ሲከፍቱ መንገድ ስለምትዘጋባቸው ከእሷ ቆርሰው ያነሳሉ። ወላጅ ከፈቀደ በበረዶ ሳጥን ወደ እኛ ትመጣለች። እኔ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጌ እቆርጣታለሁ፣ ሌሎቹ ውስጧ ያለውን ያነባሉ።

ውስጧ ያለው ያንተው ሥራ ነው። ከአጥንት መቅኔ ገና ያልተቀረጹ ሴሎች ይመጡና እዚያ ይገባሉ። እያንዳንዱ ለራሱ አንድ ቁልፍ ይቀርጻል፤ እኛ ተቀባይ እንለዋለን። እያየ የሚቀርጽበት ናሙና የለውም፤ እንዲሁ በጭፍኑ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ፈተና አለ። ምንም የማይገጥመው ይጣላል። የገዛ ቤታችንን በር የሚከፍተውም ይጣላል፣ እሱ ሌባ ነውና። አብዛኛው እዚያው ያልቃል። የሚተርፉት ግን ቆጥረህ የማትጨርሳቸው ዓይነቶች ናቸው፤ ማንም አይቶት የማያውቅ በሽታ እንኳ ቢመጣ ከመሀላቸው የሚገጥመው አይጠፋም።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። መቅረጫው ተሰብሮ የሚወለድ ልጅ አለ። እንደ ምንም ሁለት ሦስት ቁልፍ ያመልጡታል፣ እነሱም በቅጡ ያልተፈተኑ። ከዚያ እነዚያው ራሳቸውን ያባዛሉ። ሐኪሞቹን ቁጠሩ ስትላቸው ብዙ ነው ይሉሃል፤ ብዙም ነው። ግን ሺህ ቁልፍ፣ አንድ ቅርጽ ነው። ለመጣ በሽታ ሁሉ አይሆንም። የሚከፍተው የራሱን የልጁን ቆዳ፣ የራሱን አንጀት ነው። ወንድሜ፣ ቅላቱ ውበት አይደለም። እባካችሁ ቀዮ አትበሉት።

ላይሆንም ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተሳስቼ ብትስቁብኝ ደስታዬ ነው። ግን ነገ ዛሬ ሳትል ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰደውና "ብዛቱን ሳይሆን ዓይነቱን መርምሩልኝ" በላቸው። እስከዚያ ድረስ በሞቴ በሩን ዝጉ።

አንድ ነገር ደግሞ መልስልኝ። የመጀመሪያው ልጃችሁ ቆዳው ምን ይመስል ነበር?

ምላጩን ልኬያለሁ። ጫማውን ገና አልገዛሁም።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ስልክሽን እያየሁት ነው ያላነሳሁት። ድምፅሽን ከሰማሁ ነገሩ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ደብዳቤሽንም አንብቤ ተናድጄ ኪሴ ከተትኩት። ለእኔ ስለ ቁልፍ ታስተምሪኛለሽ? ሱቅ ገብቼ ሥራ ጀመርኩ፤ እጄ እምቢ አለ። አንድ ደንበኛ ቁልፉን የተቀበለኝ "ምነው፣ ታመሃል እንዴ?" ብሎ ነው።

ሆስፒታሉ ቀጠሮ ሰጥቶናል። እማዬ ግን ድግሱን አልሰርዝም አለች። "ሐኪሙ ሠራዊቱ ሞልቷል ብሏል፣ እሷ ከባሕር ማዶ ሆና ምን ታውቃለች?" ብላ ድርቅ! ብለምናት፣ ብቆጣት ወይ ፍንክች።

አንድ መጋዘን ያለው ሰው ለሠራተኞቹ ሁሉ አስቀርጾ ሳይወስደው የቀረ ከረጢት ሙሉ ቁልፍ ነበረኝ፣ ሁሉም አንድ ቅርጽ። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላት። "ብዙ ነው ትንሽ?" አልኳት። "ኧረ ምን ብዙ ብቻ፣ የከተማውን ቤት ሁሉ ይከፍታል!" አለች። ከረጢቱን አስያዝኳትና በረንዳ አውጥቼ በሩን ቆለፍኩባት። "በይ የገዛ ቤትሽን ክፈቺ።"

እማዬ መቼም ሞኝ አይደለችም፤ የመጀመሪያው እምቢ ሲላት ገብቷታል። ግን እልኳን ታውቂያለሽ። አንዱን ታወጣለች፣ ሌላውን ትከታለች፣ እኔን እየሰደበች። በሩ ጀርባ ቆሜ እሰማታለሁ። ከዚያ ስድቡ ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ቆመ፣ የቁልፍ ድምፅ ብቻ ሆነ። ብከፍተው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከረጢቱ ጭኗ ላይ ነው። "አንድም እንኳ?" አለችኝ። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ድግሱንም እሷው ሰረዘች፣ ዘበኛም እሷው ሆነች። ወንበር በሩ ላይ አድርጋ ወፍ አታሳልፍም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ እንኳ "በግምት ጻፍ!" ብላ መለሰችው።

ብቻ ዘግይተናል መሰለኝ። ከዚያ በፊት አንዲት ጎረቤት ሳል ይዟት ገብታ ስማው ነበር። ከትናንት ወዲህ ልጁ ያስላል። ሲያስል ሁላችንም ያለንበት እንቆማለን። እትዬ፣ ፈርቻለሁ።

ሞረዱ

እትዬ፣ እኔ ባለቤቱ ነኝ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አድርሺ ብሎ ሰጥቶኝ አየሁት፤ የእርስዎንም ከኪሱ አግኝቼ አንብቤው ነበር፣ ጥያቄዎን ዘሎታል። አውቆ ነው፣ አፉ እምቢ ብሎት ነው። የመጀመሪያውም ቀይ ነበር። ፀጉሩም ረግፎ ነበር። እኔ ገና ይኼኛው ሲቀላ ነው ያወቅሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም። እባክዎ ዝም አይበሉኝ።


ኅዳር 30

ለሁለታችሁም፣

ባለቤትህ ስልኩን አንስታልኝ ሆስፒታል መግባታችሁን ሰማሁ። ኦክስጅን አድርገውለታል አለችኝ። "ይተነፍሳል ወይ?" ስላት ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችልኝ። ያንን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

አንቺ የወንድሜ ሚስት፣ ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። የጻፍሻት መስመር ልጁን ታድነው ይሆናል። የምታክመው ሐኪም ዘንድ ግቢና ለእኔ ያልሽኝን በሙሉ ንገሪያት፤ የመጀመሪያውን ልጅ ቅላት፣ ፀጉሩን፣ የሞተበትን ወር። ባልሽ ቢያፍር አንቺ አትፈሪ። ከሁለታችሁም የመቅረጫውን አንድ አንድ ስንጥቅ ወርሶ ይሆናል፤ በአንዱ ብቻ ቢሆን ምንም ባልሆነ ነበር። የማናችሁም ጥፋት አይደለም። ይኼን ደጋግማችሁ አንብቡት።

ዛሬ ሥራ ቦታ የበረዶ ሳጥን መጣልኝ፣ ልከፍተው አልቻልኩም። ባልደረባዬ ከፈተችልኝ።

እህታችሁ


ታኅሣሥ 14

ለእትዬ፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከአግዳሚ ላይ የሚጻፍ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር በይኝ።

ሳሉ እንደ ምንም በመድኃኒት ጋብ ብሏል። ዓይነቱንም መረመሩት። ሐኪሟ ወረቀት አሳየችኝ፤ የጤነኛ ሕፃን ሥዕል ጉብታ በጉብታ ነው፣ ብዙ ትንንሽ ጉብታ። የእኛው ልጅ ግን ባዶ ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ምሰሶዎች። በቃ፣ ሁለት። አንቺ እንዳልሽው ነው።

መቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል አለች። ወንድም እህት የለውም፤ የነበረውም ሞቷል። ከእኔ ደም ተወስዶ ታየ፣ ግማሹ ይገጥማል። "ግማሽ የሚገጥም ቁልፍ ሞርጄ ስንት በር ከፍቻለሁ" ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ሐኪሟ ፈገግ አለች፣ ባለቤቴ ግን ፊቷን አዞረች።

መጀመሪያ ያሉትን ክፉ ሴሎች በመድኃኒት ያጠፏቸዋል። ያኔ ምንም መከላከያ የሌለው ባዶ ይሆናል። ከዚያ የእኔን ይሰጡታል። የእኔ ሴሎች ደግሞ ልጁን እንደ ባዕድ ቤት ቆጥረው ሊነሱበት ይችላሉ አለችኝ፤ ይኼን ስትል ዓይኔን አላየችኝም። እትዬ፣ ሰጥቼው ቢሞትስ? የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት አይደለም ወይ? ለእማዬ ግማሹን ነው የነገርኳት። "ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ልጣ?" አለችኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መቅኔው የእኔ ከሆነ ቁልፉም የእኔ ነው የሚሆነው? እኔኮ ጉንፋን በወር አንዴ የሚጥለኝ ሰው ነኝ!

ምላጩ ደርሶኛል፤ ሱቁ ግን ተዘግቷል። ጫማውን ተይው።

ሞረዱ


ታኅሣሥ 29

ለወንድም ዓለም፣

"ጫማውን ተይው" ያልከው ቦታ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ ወጣሁ። ከቤቴ ወደ ሥራዬ በሚወስደው መንገድ የሕፃናት ጫማ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሻግሬ በማዶ ነው የምሄደው።

ለጥያቄህ ልመልስ። ቁልፎቹ የአንተ አይሆኑም። አንተ የምትሰጠው ያልተቀረጸውን ነው፤ ከነመቅረጫው፣ ያውም ደህናውን መቅረጫ። ቀረጻው የሚካሄደው እሱ ደረት ውስጥ፣ እሱ እጢ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ እንደ አዲስ፣ በጭፍኑ ይቀረጻል። አንተም የሌለህ፣ እኔም የሌለኝ፣ ማንም የሌለው ቅርጽ ይወጣዋል። ከአንተ ይመጣል እንጂ አንተን አይደግምም። ግን ጊዜ ይወስዳል። ወራት። ከዓመት ሊያልፍም ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ዝግ ነው።

"ቢሞትስ" ላልከው፣ ሊሆን ይችላል። ባትሰጠው ግን ምን እንደሚሆን ባለቤትህ ጽፋልኛለች። ስለዚህ እየፈራህ ስጥ። እኔም እዚህ እየፈራሁ እጠብቃለሁ። በምትሰጥበት ቀን ለእማዬ እኔ እደውልላታለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ቤት ሙሉ ታሰማ፣ የመጣው ይምጣ።

እህትህ


የካቲት 18

ለእትዬ፣

ሰጠሁ። ወገቤን በቅሎ የረገጠኝ ይመስላል፣ ግን ከልቤ ፍርሃት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ከእኔ ወጥቶ ወደ እሱ ሲገባ ያየሁት አንዲት ትንሽ ከረጢት ነበረች፤ ቀይ ነገር በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ። ይኼው ነው? አልኩ። ይኼው ነው አሉኝ።

አሁን በመስታወት ጀርባ ነው የማየው። ባለቤቴ ጭንብልና ጓንት አድርጋ ትገባለች፤ ሳቋን በዓይኗ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቅላቱ ለቀቀው! ያ ሁሉ ቀለም ረገፈና ከሥሩ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? እኔን የመሰለ ጠይም። ግን ፀጥ ብሏል። አያለቅስም። ስለማያለቅስ ነው የምፈራው።

ምንም አትላኪ። ብቻ ጻፊልኝ።

ሞረዱ


ነሐሴ 7

ለወንድሜ፣

ከየካቲት ወዲህ አንዲት ደብዳቤ የለም። በስልክ "ደህና ነው፣ ቤት ገብቷል" ትለኛለህ፤ እማዬ ከጎንህ ሆና ጉሮሮዋን ስትጠርግ እሰማለሁ፣ ሌላ አትጨምርም። ደህና የሚባል ቃል ጠላሁ። ያኔም ደህና ነን ብለህ ነው የጻፍክልኝ።

ሽፍታ ወጣበት እንዴ? ተቅማጡ ተመለሰ እንዴ? ደብቀኸኝ ከሆነ ንገረኝ፣ እዚህ ሆኜ የማስበው ከሆነው ይብሳል። ሴሎቹ ቁጥራቸው አደገ ካሉህ ግን እሱን ብቻ ጽፈህ አትላክልኝ። በቁጥር አንዴ ተታለናል። ዓይነቱ ሲመረመር ያኔ ጻፍ።

እየጠበቅሁ ነው።

እህትህ


ጥር 23

ይድረስ ስትጠብቂኝ ለሰነበትሽው ለእትዬ፣

አልደበቅሁሽም፤ የምጽፈው አጥቼ ነው። ደህና ነው ብዬ ጽፌ ደብዳቤው መንገድ ላይ እያለ አንድ ነገር ቢሆንስ? እያልኩ ስንቱን ጀምሬ ቀደድኩት።

ዓይነቱ ተመረመረ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስትዘረጋ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ባለቤቴ ናት ክርኔን የነካችኝ። ጉብታ በጉብታ ነው እትዬ! ምሰሶዎቹ የሉም። እዚህም እዚያም፣ ትንንሽ፣ ብዙ። "እነዚህ ሁሉ እሱ ራሱ የቀረጻቸው ናቸው" አለችኝ። እማዬ ወረቀቱን ቤት አምጥቼ ሳሳያት ገለበጠችው፣ አዘቀዘቀችው፤ "በዚህ በራችን ይከፈታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይከፈታል መሰለኝ አልኳት። ወንበሯን ግን ከበሩ አላነሳችም። ልጁ ጠይም ሆኖም ቀዮ ማለቷን አልተወችም፤ አንቺም ቻዪው።

ያኔ ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁ። ሱቁን መልሼ ከፍቼ ነበርና በማግስቱ ከደንበኛ ጉንፋን ያዘኝ።

ያውም ምን ያለ ጉንፋን! ጓዳ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ምግቤን ደጃፍ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ግን ሳላውቅ አቅፌው ነበር። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ በበሩ በኩል "ትኩሳት አለው" አለችኝ። ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። መቅኔዬን ሰጥቼ ያተረፍኩትን በጉንፋን ልገድለው ነው? ሐኪሟ ዘንድ ወሰዱት። ደረቱን አዳመጠችና "ቤት ውሰዱት፣ እንጠብቅ" አለች። በዓለም ላይ እንደዚህች ቃል የምጠላው ነገር የለም። በበሩ ሥር ተንበርክኬ ሳሉን አዳምጣለሁ። ያቺኑ የመጀመሪያዋን ሳል የሰማሁ ይመስለኛል። እማዬ ከማዶ "ተነስ፣ አትንፏቀቅ" ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት ትኩሳቱ የለም። ማንም ምንም አልሰጠውም። ራሱ ገጠመው፣ ራሱ ጣለው። እኔ ትልቁ ሰውዬ ግን ይኼው አሁንም አፍንጫዬ እየፈሰሰ አልጋ ላይ ነኝ።

የዚህን ወረቀት ጀርባ እይው። ባለቤቴ እግሩን አቁማ ዙሪያውን አስምራበት በበሩ ሥር አሾልካ ሰጥታኝ ነው። መስመሩ የተንጋደደው አልቆም ብሏት ስለሚዘል ነው። እንግዲህ በማዶ መሄድሽን ትተሽ እዚያ ሱቅ ግቢልኝ። ጫማውን ላኪ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ በሩን እየደበደበው ነው። መጀመሪያ እማዬ መስላኝ ነበር፤ ግን የሚመታው ከታች ነው፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ። ባለቤቴ "ክፈትለት፣ አሸንፎታል እኮ" ትላለች። የስንቱን ቤት በር የከፈትኩ ሰው ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ቀዳዳውን ስቻለሁ። ቢሆንም ልከፍትለት ነው።

ሞረዱ